ካሜራውን ማን ያጥፋው? በ2 ዩሮ ስለገዛሁት ዲቪዲ

ብራስልስ፣ ማሮል ሰፈር ውስጥ ዡ ደ ባል የሚባል አደባባይ አለ። በየቀኑ ጠዋት አሮጌ ዕቃ ይሸጥበታል። መሬት ላይ በተነጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ሰሀኑ፣ መብራቱ፣ ጫማው፣ የማይታወቅ ሰው የሰርግ ፎቶ ሳይቀር ተዘርግቶ ገዢ ይጠብቃል። እኔ የምሄደው አሮጌ ሌንስና የካሜራ ማቆሚያ ፍለጋ ነው። ሥራዬ ቪዲዮ ነው። የሀበሻ ሰርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ አንዳንዴም ለቅሶ እቀርፃለሁ። ኤዲት የማደርገውም ራሴ ነኝ።

ባለፈው ወር ሌንስ አላገኘሁም። ከአንድ ካርቶን ውስጥ ግን አንድ ዲቪዲ መዘዝኩ። ሽፋኑ ላይ አንድ ሰው ሽጉጥ ወደ ታች ደግኖ ይተኩሳል። ማን ላይ እንደሚተኩስ አይታይም። ሻጩ ሽማግሌ ናቸው። ሽፋኑን አየት አደረጉና "ኦ፣ ይሄ በጣም ያስቃል" አሉኝ። 2 ዩሮ ከፍዬ ወሰድኩት።

እውነታቸውን ነው፤ ያስቃል። ይህን የምጽፈውም ስለሳቅኩ ነው።

የፊልሙ ስም በፈረንሳይኛ "ሴ ታሪቬ ፕሬ ደ ሼ ቩ" ይባላል። "እናንተው ሰፈር አጠገብ የሆነ ነገር" እንደማለት ነው። በእንግሊዝኛ "ማን ባይትስ ዶግ" ብለውታል። ውሻ ሰው ቢነክስ ዜና አይሆንም፣ ሰው ውሻ ቢነክስ ነው ዜና የሚሆነው ከምትለዋ የጋዜጠኞች አባባል የመጣ ስም ነው። ፊልሙ የወጣው በ1992 ነው። እዚህ ጽሑፍ ላይ የማነሳው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

የሠሩት ሦስት ወጣት ጓደኛሞች ናቸው፤ ሬሚ ቤልቮ፣ አንድሬ ቦንዜልና ቤንዋ ፑልቮርድ። ገንዘብ አልነበራቸውም። በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ የሚያውቁትን ሰው ሁሉ እየለመኑ ነው የቀረፁት። በዚያው ዓመት ካን ፌስቲቫል ላይ፣ የሃያሲያን ሳምንት በሚባለው ክፍል ታየና ተሸለመ። ፑልቮርድ ዛሬ ቤልጂየም ውስጥ የማያውቀው የለም። ቤልቮ ግን ሌላ ሙሉ ፊልም ሳይሠራ በ2006 አረፈ።

ታሪኩ ቀላል ነው። ቤን የሚባል ሰው አለ፤ የሚጫወተው ፑልቮርድ ነው። ሥራው ሰው መግደልና መዝረፍ ነው። ሦስት ሰዎች ያሉት የፊልም ቡድን ስለ እሱ ዘጋቢ ፊልም ይሠራል። አንዱ፣ ሬሚ የሚባለው፣ ይጠይቃል፣ አንዱ ይቀርፃል፣ አንዱ ድምፅ ይይዛል። ሁሉም ልብ ወለድ ነው። አቀራረቡ ግን ልክ እንደ እውነተኛ ዘጋቢ ፊልም ነው፤ የሚንቀጠቀጥ ካሜራ፣ ወደ ሌንስ እያየ የሚያወራ ሰው፣ ቤተሰብ ጋር የሚደረግ ቃለ መጠይቅ። እንዲህ ዓይነቱን ፊልም ፈረንጆቹ ሞክዩመንታሪ ይሉታል። እኔ የማስመሰያ ዘጋቢ ፊልም እለዋለሁ።

እዚህ አገር ከ1985 ጀምሮ "ስትሪፕ ቲዝ" የሚባል የቴሌቪዥን ዝግጅት ነበር። ተራ ሰዎችን፣ ያለ ተራኪ ድምፅ፣ ቤታቸው ገብቶ ያሳያል። ሰውየው ያወራል፣ ይበላል፣ ከሚስቱ ጋር ይጨቃጨቃል፣ ተመልካች ሶፋው ላይ ሆኖ ያያል። እነ ቤልቮ ያንን አቀራረብ ወስደው ሰውየውን ነፍሰ ገዳይ አደረጉት። ስለዚህ ቤን የሚያወራው ስለ ግድያ ብቻ አይደለም። ስለ ጡብ ቀለም ያወራል። ስለ እርግብ ግጥም ያነባል። ሙዚቃ ይጫወታል። እናቱንና አያቶቹን ይጠይቃል፤ የቀረቡት ደግሞ የፑልቮርድ የገዛ እናትና አያቶች ናቸው። አያትየው ስለ ልጃቸው ልጅ ጨዋነት ሲናገሩ ትወና እንዳልሆነ ያስታውቃል። ፊልሙ በትክክል ስለምን እንደሆነ አልተነገራቸውም ይባላል። ያ ነገር እስካሁን ይከነክነኛል። የሰው ፍቅር ሳያውቅ ተቀርፆ፣ ገዳይን ለማስወደድ ዋለ።

እኔም ወደድኩት። ነገሩን ከዚህ ልጀምር።

ማታ ሽሮዬን ይዤ ተቀመጥኩ። መክፈቻው ላይ ቤን ባቡር ውስጥ አንዲት ሴት አንቆ ይገድላል። ወዲያው ወደ ካሜራው ዞሮ ሬሳ ውሃ ውስጥ እንዳይንሳፈፍ ምን ያህል ክብደት መታሰር እንዳለበት ያስተምራል። ለልጅ ስንት፣ ለአዋቂ ስንት፣ ለአዛውንት ስንት እያለ። እንደ ጥሩ የእጅ ሥራ አስተማሪ ነው የሚያወራው። ሳቅኩ። ወሩን በፖስተኛ እንደሚጀምር ሲናገርም ሳቅኩ።

ቀጥሎ አንዲት አሮጊት ቤት ይሄዳሉ። ስለ አረጋውያን ብቸኝነት ፕሮግራም እንሠራለን ብለው ነው የገቡት። ሴትዮዋ ደስ ብሏቸው ያስገቧቸዋል። ቤን የልብ መድኃኒታቸውን ያያል። ከዚያ ድንገት ጆሯቸው ላይ ይጮህባቸዋል። ይወድቃሉ። "ጥይት ተረፈልኝ፣ ጎረቤትም አልተረበሸ" ይላል በራሱ አነጋገር። ጩኸቱ ሲመጣ ደንግጬ ሳቅኩ። ሳቁ አፌ ውስጥ እያለ ነው እንግዲህ ያችን ሴትዮ መልሼ ያየኋት፤ ወለል ላይ ናት፣ ካሜራው አጠገቧ ቆሟል።

ባለሙያ ነኝና ካሜራው የት እንደቆመ አያለሁ። መጀመሪያ ሩቅ ነው። ቤን ሲገድል ከበር ላይ፣ ከመንገድ ማዶ ሆኖ ያያል። ቀጥሎ ይጠጋል። ቀጥሎ መብራት ያበራለታል። ቀጥሎ ሬሳ ሲጎተት አንድ እጅ ከካሜራው በኩል ይመጣና እግሩን ይይዛል። እጅ ብቻ ነው የሚታየው። ኤዲት የሚያደርግ ሰው ያችን እጅ አይረሳትም። ቡድኑ ገንዘብ ሲያልቅበት ቤን ራሱ ከዘረፈው ያበድራቸዋል። እነሱም ፊልሙን ለመጨረስ ይቀበላሉ። ከዚያ በኋላ አለቃው ማን እንደሆነ ግልፅ ነው። "ይብቃ" የሚል አንድም ሰው የለም። ማንም በአንድ ጊዜ ገዳይ አልሆነም። እያንዳንዱ ቀን ትናንት ካደረጉት ትንሽ ብቻ ነው የሚበልጠው።

ድምፅ የሚይዘው ልጅ ተኩስ ላይ ይሞታል። ሬሚ ወደ ካሜራው ፊቱን አዙሮ ያለቅሳል፤ ነፍሰ ጡር የሆነችውን የሟችን ጓደኛ በስም ጠርቶ "ፊልሙን የምንጨርሰው ለእሱ ስንል ነው" ዓይነት ነገር ይናገራል። ሌላ ድምፅ ያዥ ይመጣል። እሱም ይሞታል። ሬሚ ያንኑ ንግግር፣ ቃል በቃል ማለት ይቻላል፣ ይደግማል። የሴትየዋ ስም እንኳ አልተለወጠም። ሰው ሲሞት የምንለውን ነገር ሳናስበው እንደምንል አስታወሰኝ። "ነፍስ ይማር" ብለን የምንጽፈውን፣ ጽፈንም ወደሚቀጥለው ቪዲዮ የምናልፈውን።

ሌላ ልብ የሚያደርቅ ነገር አለ። አንድ ቡና ቤት ውስጥ ቤን ለጓደኞቹ መጠጥ ያዘጋጃል። የወይራ ፍሬ ከስኳር ድንጋይ ጋር በክር ታስሮ ጂን ውስጥ ይገባል። ስኳሩ ሲሟሟ ወይራው ይንሳፈፋል፤ ቀድሞ የተንሳፈፈበት ሰው ይከፍላል። የመጠጡ ስም የአንድ ሕፃን ስም ነው። ልጁ በእውነት የነበረ ነው። በ1984 ፈረንሳይ ውስጥ፣ ገና 4 ዓመቱ፣ ቮሎኝ በሚባል ወንዝ ውስጥ እጅና እግሩ ታስሮ ሞቶ የተገኘ ልጅ ነው። ፊልሙ ሲወጣ ወላጆቹ በሕይወት ነበሩ። ሠሪዎቹ ቤን ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ለማሳየት ነው ያደረጉት፤ ይገባኛል። እኔ ብሆን ግን አላደርገውም። ልብ ወለድ ገዳይ ለመሥራት የእውነት ልጅ ስም አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዘበኛው ልምጣ።

ቤን አንድ ሌሊት አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ይገድላል። ሟቹ ጥቁር ነው። ቤን ስለ ቆዳው ቀለም ይቀልዳል። የቡድኑ ሰዎች ካሜራቸውን ይዘው ቆመዋል። ትዕይንቱ አጭር ነው፤ ከሌሎቹ ግድያዎች ተለይቶ ረጅም ጊዜ አልተሰጠውም። ሌላ ተመልካች ምናልባት ቶሎ ያልፈዋል።

አባቴ የሌሊት ዘበኛ ነበር። አዲስ አበባ፣ ሳሪስ፣ አንድ መጋዘን ይጠብቅ ነበር። ትንሽ ሳለሁ ማታ ማታ እራቱን በሳህን ቋጥሬ፣ ሻዩን በፔርሙዝ ይዤ እወስድለት ነበር። የቆርቆሮ ማማ ነበረችው። ውስጧ አንድ በርጩማ፣ አንድ ቆመጥ፣ ባትሪና ትንሽ ሬዲዮ። ጋቢውን እስከ ዓይኑ ድረስ ተከናንቦ ይቀመጣል። ኮቴ ሲሰማ ባትሪውን አብርቶ "ማነህ?" ይላል። እኔ መሆኔን ሲያውቅ ባትሪውን ወደ መሬት ይመልሳል፣ ዓይኔን እንዳይወጋኝ። እስከ ዛሬ አባቴን ሳስብ የሚመጣልኝ ያ መሬት ላይ የሚወርድ ብርሃን ነው።

ዘበኛው ሲወድቅ ሪሞቱን አንስቼ አቆምኩት። ሽሮው ቀዝቅዟል። ጎኔ ማንም የለም። ያን ጊዜ ነው ወደ ኋላ ሄጄ የቆጠርኩት፤ ስንት ሰው ሲሞት ነበር እኔ እንጀራ የቆረስኩት? የባቡሯ ሴት፣ ፖስተኛው፣ አሮጊቷ። እነሱም የሆነ ሰው ሻይ የሚወስድላቸው ሰዎች ናቸው። አላየኋቸውም። የእኔን አባት የሚመስል ሰው እስኪመጣ ድረስ በምግብ ሰዓቴ ነው ያየሁት።

ፊልሙ ሆን ብሎ ይህን ለማድረግ ነው የተሠራው ብዬ አምናለሁ። ያስቅሃል፣ ያስቅሃል፣ ከዚያ ሳቅህን የሚውጥ ነገር ያመጣል። የብዙ ሰው ሳቅ የሚቆመው ከዚያ በኋላ በሚመጣው ትዕይንት ነው። ቤንና ቡድኑ ሰክረው ሌሊት አንድ ቤት ይገባሉ። አንዲት ሴት በባሏ ፊት ትደፈራለች። ደፋሪው ቤን ብቻ አይደለም፤ ካሜራ ያዡም፣ ጠያቂውም ተራ ይይዛሉ። በማግስቱ ጠዋት ካሜራው የሌሊቱን ሥራ ዝም ብሎ ያሳያል። ማንም አይቀልድም።

እዚህ ላይ ቅሬታ አለኝ። ፊልሙ "እስካሁን ስትስቁ ነበር፣ እስቲ አሁን ሳቁ" ሲለን ትክክል ነው። ለዚህ ትምህርት ግን የከፈለችው ሴቲቱ ናት። ስም የላትም። ከዚያ በፊት አንድም ቃል አልተናገረችም። የመጣችው ሊደርስባት ብቻ ነው። እኔ ትዕይንቱን እስከ መጨረሻ አላየሁትም፤ ወደፊት አሳለፍኩት። እናንተም ብታሳልፉት የሚቀርባችሁ ነገር የለም። ማግስቱን ካያችሁ ይበቃችኋል። በተለይ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባት እህት ብታነበኝ፣ ይህ ፊልም ለአንቺ አይደለም፣ ተይው።

የማስመሰያ ዘጋቢ ፊልም ሁሉ አንድ አይደለም። ብሪታንያዊው ፒተር ዋትኪንስ በ1965 "ዘ ዋር ጌም" የሚል ሠርቷል። እንግሊዝ አገር ኬንት ላይ የኒውክሌር ቦምብ ቢወድቅ ምን ይሆናል የሚል፣ በዜና አቀራረብ የተሠራ ነው። ያሠራው ቢቢሲ ራሱ ለሕዝብ አስፈሪ ነው ብሎ በቴሌቪዥን ሳያሳየው ቀረ። ያ ያልሆነ ነገር የሚያሳይ ፊልም በምርጥ ዘጋቢ ፊልም ዘርፍ ኦስካር አገኘ። ቢቢሲ ያሳየው በ1985 ነው፣ ከ20 ዓመት በኋላ። እሱን አይቼ ሌሊቱን አልተኛሁም፤ ግን አንዴም አልሳቅኩም። ዋትኪንስ እያንዳንዱን ፊት እንደ ሰው ፊት ነው የያዘው።

ተቃራኒው ደግሞ የጣሊያኑ "ካኒባል ሆሎኮስት" ነው፣ የ1980። ሰዎቹ በእውነት የሞቱ ስለመሰለ ዳይሬክተሩ ሩጀሮ ዴኦዳቶ ፍርድ ቤት ቀርቦ ተዋናዮቹ በሕይወት እንዳሉ ማሳየት ነበረበት። እንስሶቹ ግን ካሜራ ፊት በእውነት ተገድለዋል። የሚዲያን ጭካኔ እነቅፋለሁ የሚል ፊልም ራሱ ጨክኖ ተሠራ። እሱን አልመክርም። የማስመሰል ፊልም የሚሠራ ሰው የመጀመሪያ ግዴታው የማንም እውነተኛ ደም እንዳይፈስ ነው።

ወደ ቤን ልመለስ። መጨረሻውን ልናገር ነው፤ ማወቅ የማትፈልጉ ይህን አንቀፅ ዝለሉት። ጠላት ደርሶባቸው ሁሉም ይገደላሉ፤ ቤንም፣ ሬሚም፣ ካሜራ ያዡም። ካሜራው መሬት ላይ ይወድቃል። መቅረፁን አያቆምም። የሚያጠፋው ሰው የለምና ፊልሙ እስኪያልቅ ድረስ ወለሉን እያየ ይቀጥላል።

ያን ካየሁ በኋላ ብዙ ቀን አእምሮዬ የሄደው ወደ ክራይስትቸርች ነው። ማርች 15 ቀን 2019፣ ኒውዚላንድ። አንድ ሰው ራሱ ላይ ካሜራ አስሮ መስጊድ ውስጥ የሚሰግዱ ሰዎችን ሲገድል በፌስቡክ በቀጥታ አስተላለፈ። 51 ሰው ሞተ። ሥርጭቱ 17 ደቂቃ ነበር። ፌስቡክ ራሱ እንደተናገረው በቀጥታ የተመለከተው ከ200 በታች ነው፤ ሥርጭቱ እየተላለፈ ሳለ ግን አንድም ተመልካች ሪፖርት አላደረገም። የመጀመሪያው ሪፖርት የመጣው ሥርጭቱ ከተጀመረ ከ29 ደቂቃ በኋላ ነው። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ፌስቡክ የቪዲዮውን 1.5 ሚሊዮን ቅጂ ከገጹ አጠፋሁ አለ። 1.5 ሚሊዮን ጊዜ የሆነ ሰው፣ የሆነ ቦታ፣ "ልጫነው" ብሎ ወስኗል።

በ1992 ገዳዩ ሦስት ሰው ያስፈልገው ነበር። ካሜራ ያዥ፣ ድምፅ ያዥ፣ ጠያቂ። ዛሬ ካሜራውን ራሱ ይዞታል። ከእነዚያ ሦስት ሰዎች የቀረው የእኛ ሥራ ነው፤ ማየትና ማሳለፍ።

እኛም ጋ ይህ ነገር አለ። ባለፉት ዓመታት ከአገር ቤት በስልካችን የገባውን ቪዲዮ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከየትኛው ወገን እንደሆነ አላነሳም፤ ከሁሉም ወገን መጥቷል። ታናሽ ወንድሜ በቴሌግራም ይልክልኝ ነበር። ዓለም ይወቅልን ብሎ ነው፣ በክፉ አይደለም። አንድ ቀን አንዱን ላከና ወዲያው ደወለ።

"አየሽው?" አለኝ።

"አየሁት። ልጁ ማነው?"

"እኔ እንጃ። እነሱ ናቸው ያደረጉት፣ ይኸው በግልፅ ይታያል።"

"ልጁን ነው የምጠይቅህ። ስሙ ማነው? የማን ልጅ ነው?"

"እኔ በምን አውቃለሁ? አንቺ ደግሞ..."

እኔም ግን ከመጠየቄ በፊት ለሦስት ሰው አስተላልፌው ነበር። አንዷ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት፤ በምሳ ሰዓቷ ነው የደረሳት። ማስረጃ መሆን ያለበት ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ፍርድ ቤት የሚፈልገው፣ የሰብዓዊ መብት ሠራተኛ የሚመረምረው፣ ጋዜጠኛ ቦታውንና ቀኑን የሚያጣራበት ቪዲዮ አለ። ያንን ማጥፋት ገዳይን መርዳት ነው። የምሳ ሰዓት ቪዲዮ ግን ማስረጃ አይደለም። የልጁ እናት ሰምታ ይሁን ሳትሰማ እንኳ አናውቅም። ምናልባት ልጇን መጀመሪያ ሞቶ ያየችው በጎረቤት ስልክ ይሆናል።

መርዶ እኛ ጋ ሥርዓት አለው። ሰው ተሰብስቦ፣ ገና ሳይነጋ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ይገባሉ። የሚይዛት ሰው ከጎኗ ይቆማል። ውሃ ይዘጋጃል። አያቶቻችን ይህን ያደረጉት የሞት ዜና ሰውን ብቻውን እንዳያገኘው ብለው ነው።

እኔ ግን መርዶ ቀርጬ አውቃለሁ።

ከስድስት ዓመት በፊት ነው። እዚሁ ብራስልስ የሚኖሩ አንዲት እናት ወንድማቸው አዲስ አበባ ሞቶ ሊረዱ ነው። አንድ ዘመዳቸው "አገር ቤት ያሉት እንዴት እንደተነገራት ማየት ይፈልጋሉ" ብሎ ጠራኝ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ብርድ፣ ፎቁ ሥር ተሰብስበናል። ሊፍቱ ለሁላችን ስላልበቃ ሁለት ጊዜ ተመላለሰ። በሩ ሲከፈት እሳቸው በለሊት ልብስ ናቸው። ሰዉን አዩ። "ምን ሆናችሁ? ምን ሆናችሁ ነው?" አሉ። ከፊት ያሉት አባት "ግቢ እስቲ ልጄ፣ ተቀመጪ" አሏቸው። አልተቀመጡም። ፊታቸው ላይ ገባቸው። እኔ ያን ጊዜ ዙም አደረግኩ። የኮሪደሩ መብራት ከጎን ይመጣ ነበር፤ ብርሃኑ ጥሩ ነው ብዬ ማሰቤን አስታውሳለሁ። ቀዩ የመቅረጫ መብራት በርቷል። አንዲት ሴት ውሃ ይዛ ልታልፍ ስትል በግራ እጄ ገታ አደረግኳት፤ ፊታቸውን እንዳትጋርድብኝ።

በፊልሙ ላይ ያችን እግር የያዘችውን እጅ ሳይ የራሴን ግራ እጅ ነው ያየሁት።

ስለ ዲቪዲው ራሱ መረጃ ለምትፈልጉ፦ ከአንድ ሰዓት ተኩል ትንሽ ይበልጣል። ምስሉ ሻካራ ነው፤ እንዲያ መሆኑ ያምርበታል። የእኔ ቅጂ ንግግሩ ፈረንሳይኛ ነው፣ የግርጌ ጽሑፉ ደች። ቤን በጣም ይፈጥናል፤ ፈረንሳይኛችሁ እንደ እኔ የሥራ ቦታ ፈረንሳይኛ ከሆነ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለውን ፈልጉ። አሜሪካ ውስጥ ከ17 ዓመት በታች ላለ ሰው የማይፈቀድ የሚለው ደረጃ ነው የተሰጠው። እኔ በበኩሌ ልጆች ባሉበት ቤት ዲቪዲውን ራሱ አላስቀምጥም። ትወናውን ከአሥር ቁጥር ስጡ ብትሉኝ ለፑልቮርድ አሥር እሰጣለሁ። ለፊልሙ ሰባት። ሦስቱን የቀነስኩት ስም ለሌላት ሴት፣ ለመጠጡ ስምና ለአያትየው ነው።

ካሜራ የምትይዙ፣ ኤዲት የምታደርጉ፣ ገጽ የምታስተዳድሩ ሰዎች ግን እዩት እላለሁ። ብቻችሁን አትዩት። እኔ ብቻዬን ማየቴ ጎድቶኛል፤ ስትስቁ ፊታችሁን የሚያይ ሰው ቢኖር ይሻላል። ከምግብ ጋርም አትዩት።

ባለፈው እሁድ አሮጌውን ሀርድ ዲስክ አውጥቼ የመርዶውን ፋይል ፈለግኩት። አለ። ለእናትየዋ ደወልኩላቸው።

"እትዬ፣ ያኔ የቀረፅኩት ቪዲዮ እኔ ጋ አለ። ላጥፋው ወይ ብዬ ነው።"

ዝም አሉ። ከዚያ "የጋሼን ነው?" አሉኝ። ወንድማቸውን ነው።

"አዎ።"

"አይ፣ አታጥፊው ልጄ። አምጪልኝ። እኔ ያን ለት ማን እንደመጣ፣ ማን እንደደገፈኝ የማውቀው ነገር የለም። እነዚያ አባትም አርፈዋል አይደል? እስቲ ልያቸው።"

ፋይሉን ከፍቼ ዙም ያደረግኩበትን 40 ሰከንድ ቆርጬ አወጣሁት። ውሃ ይዛ የነበረችውን ሴት ከሌላ ቦታ አገኘኋት፤ በመጨረሻ አልፋ ገብታ ስታጠጣቸው ይታያል። እሱን አስቀረሁት። በፍላሽ ገልብጬዋለሁ። ቅዳሜ ሰርግ አለብኝ፤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አደርስላቸዋለሁ።